የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና፦ ሳትፈርሙ በፊት ይህን እወቁ

ብዙ ሰው የሐሞት ጠጠር እንዳለበት የሚያውቀው ለዓመታት «ጨጓራዬ ነው» ሲል ከቆየ በኋላ ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ በተበላ ማታ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ይነሳል፤ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል። አልትራሳውንድ ሲታይ ጠጠሩ ይገኛል። ከዚያ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል።

በጣም የሚያሳስበኝ ጠጠሩን ያወጣል ተብሎ የሚጠጣው የወይራ ዘይትና የሎሚ ነገር ነው። በማግስቱ ከሰገራ ጋር የሚወጣው አረንጓዴ ድቡልቡል ጠጠር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሐኪሞች መርምረው እንዳሳዩት፣ ዘይቱና ሎሚው ሆድ ውስጥ ተዋህደው የሚሠሩት ሳሙና መሰል ነገር ነው። ጠጠሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

በሌላ በኩል ስለ ቀዶ ጥገናው «በካሜራ ነው፣ ምንም አይደል» የሚሉም አሉ። ዘዴው በእርግጥ ትልቅ በረከት ነው። ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲጀምረው የሙያ ባልደረቦቹ በጥርጣሬ ነበር ያዩት፤ ዛሬ ግን የተለመደው ሕክምና ሆኗል። ታካሚው ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል፣ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ገብቶ የሐሞት ከረጢቱ ከነጠጠሩ ይወጣል። ጠጠሩ ብቻ ቢወጣ ከረጢቱ ሌላ ይሠራልና። ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ለጥቂት ቀናት ትከሻ ቢያም የጋዙ ነው፤ ያልፋል። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ ያለ ከረጢቱም ምግብ ይፈጫል፤ አንዳንዱን ግን ሆዱን ያስቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ ቀዶ ጥገና ነው። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያጋጥም ይችላል። ከ1000 ታካሚዎች በ3 ገደማ ላይ ደግሞ የሐሞት ቱቦ ይጎዳል፤ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። የከረጢቱ ብግነት ጠንቶ ውስጡ በደንብ ካልታየ ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ ሊጨርስ ይችላል። ይህ ለታካሚው ደኅንነት የሚወሰን ውሳኔ እንጂ የእጅ ድክመት አይደለም። ጠጠር ኖሮት ምንም የማይሰማው ሰው ደግሞ ባብዛኛው ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም።

እኔ መረጃን የማምነው ጥቅሙንና ጉዳቱን አብሮ ሲነግረኝ ነው። ስለዚህ ሐኪማችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ለእኔ የግድ ነው ወይ? ብጠብቅ ምን ይመጣል? ይህን ቀዶ ጥገና ምን ያህል ጊዜ ሠርተዋል? ወደ ቤት ስገባ የትኛው ምልክት ነው የሚያስመልሰኝ?

የመጨረሻውን እኔም ልመልስ። ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የማያቆም ትውከት ካለ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትም ሆነ በኋላ፣ ሳይነጋ ሆስፒታል ሂዱ።