ቀጠሮ ያላችሁ፣ ዛሬ ቴአትር ቤት ጎራ በሉ!

ቅዳሜ ደረሰ። ኪሳችሁ ሳስቷል፣ ቀጠሮ ግን አለ። ካፌ ቁጭ ብላችሁ እሱ በስልኩ እሷም በስልኳ ተወስዳችሁ ማኪያቶ ከምታቀዘቅዙ፣ ለምን የአዲስ አበባን አንጋፋ ቴአትር ቤቶች አትጎበኙም? ኑ እንምራችሁ!

ከፒያሳ እንነሳ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ሀገር ፍቅር ቴአትር ይገኛል። በአፍሪካ ካሉት አንጋፋ ሀገር በቀል ቴአትር ቤቶች አንዱ ነው። ለጨዋታ ብቻ የተቋቋመ እንዳይመስላችሁ! በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በመኮንን ሀብተወልድ አነሳሽነት «የሀገር ፍቅር ማኅበር» ተብሎ ሲመሠረት ሥራው ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን መቀስቀስ ነበር። ወረራው አቋረጠው፤ ከነፃነት በኋላ ግን እንደገና ተነሣ።

ያኔ መድረክ ላይ መውጣት እንደ ዛሬው አያስቀናም። ሴት ልጅ ስትተውን መታየቷ ነውር ስለነበር፣ ቀሚስ ለብሶ ሻሽ አስሮ ሴት የሚሆነው ወንድ ነው። ዘፋኙም ተዋናዩም «አዝማሪ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ጥላሁን ገሠሠም ሆነ አስቴር አወቀ ገና በለጋነታቸው የሠሩት በዚሁ መድረክ ነው። እንደነሱ ያሉት ንቀቱን ችለው ባይቆሙ ኖሮ፣ እስቲ ሠርግ ላይ በምን እንጨፍር ነበር?

እዚያው ፒያሳ «ሰይጣን ቤት» የሚባል ስም ሰምታችሁ ይሆናል። ከከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነው። ሰው ግድግዳ ላይ ሲሮጥ ያየ ያገሬ ሰው «ይሄማ የሰይጣን ሥራ ነው» ብሎ ያወጣለት ስም ነው!

አሁን ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ቁልቁል ውረዱ። የድንጋዩ አንበሳ ጋ ስትደርሱ ብሔራዊ ቴአትር ደረሳችሁ ማለት ነው። አንበሳውን የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው። ሕንፃውን ጣሊያን ለሲኒማ ጀምሮት ሳይጨርሰው ሄደ። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። የመክፈቻው ቴአትር የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ያናገረው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ይህን ቤት መርቷል።

«ፊልም በስልኬ እያየሁ ቴአትር ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ፊልም እናንተን አይሰማም። ተዋናይ ግን ሳቃችሁንም ዝምታችሁንም ይሰማል። ከጎናችሁ የተቀመጠውም ይሰማል! አንዲት ወዳጃችን እጮኛዋን በደንብ ያወቀችው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። መድረኩ ላይ ባል ሚስቱን በጥፊ ሲላት እሱ ከት ብሎ ሳቀ። ሲወጡ «ምኑ ነው ያሳቀህ?» አለችው። «እሷም አበዛችው እኮ» አላት። ቀለበቱ ቀረ። የሦስት ዓመት ቀጠሮ ያልነገራትን አንድ ቴአትር ነገራት።

እንግዲህ ምክራችን፦ ቴአትር ቤቱ እድሳት ላይ ሊሆን ስለሚችል ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ስልካችሁን አጥፉ። ስትወጡ ወዲያው ታክሲ አትያዙ፤ ትንሽ በእግራችሁ ሄዳችሁ ስላያችሁት አውሩ። ጨዋታው የሚደምቀው ያኔ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ፎቶ እየለጠፍን አዝነናል። ስንቶቻችን ግን ቆመው ሳሉ ገብተንባቸው ነበር? ለቴአትር ቤት ደግሞ ፎቶ ብቻውን አይበጀውም፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። መልካም ቅዳሜ!