«አትነሳ፣ ድሮን ነው»

እብናት ገጠር ውስጥ ነው። አንድ ገበሬ ከልጁ ጋር አውድማ ሲጠብቅ አምሽቷል። ጤፉ ተከምሯል፤ ውርጩ ያንዘፈዝፋል። ድንገት መሬቱ እንደ ቀን በራ። ልጁ መጀመሪያ ያየው የክምሩን ጥላ ነው፤ ጥላው ይዞራል። ቀና ሲል አረንጓዴ የመሰለ እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ ከተራራው ጀርባ ገባ። አባት ልጁን ጎትቶ ከክምሩ ሥር አስተኛው።

«አትነሳ፣ ድሮን ነው።»

ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ምንም አልፈነዳም።

የድሮ ሰው ቢሆን አማትቦ «የአንዱ ኮከብ ወደቀ» ይልና ጋቢውን ይከናነብ ነበር። የዛሬው አባት ግን ሰማይ ሲበራ የሚያስበው ሌላ ነው። ማን ይፈርድበታል?

ድሮን እየነደደ አይበርም። የታየው ከሕዋ በሴኮንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ አየር ውስጥ ገብቶ የጋለ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ እስከ አምስት ሳይቆጠር ይጠፋል። የሳተላይትና የሮኬት ስብርባሪ ግን ዘገምተኛ ነው፤ እየተበጣጠሰ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይጓዛል። በጥር 2017 መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ የታየውን ብርሃን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የሕዋ ስብርባሪ ወይም የሜትዮር ድንጋይ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። ጊዜው ፈንታሌ አካባቢ መሬት የሚንቀጠቀጥበት ስለነበር ሕዝቡ ሁለቱን አገናኝቶ ተሸበረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 21፣ ኬንያ ሙኩኩ መንደር ላይ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል።

ጎረቤት ሱዳንም የራሷ ታሪክ አላት። መስከረም 27 ቀን 2001 ንጋት ላይ ኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ የፈነዳው አለት፣ ከመድረሱ 20 ሰዓት ገደማ በፊት በቴሌስኮፕ ታይቶ ነበር። ከመሬት ጋር ከመጋጨቱ በፊት ሕዋ ላይ የታየ የመጀመሪያው እሱ ነው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በረሃውን በሰልፍ አስሰው ስብርባሪውን ለቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ የተሰበሰበው 600 ያህል ደረሰ።

የሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ግን በየካቲት 2005 ተጎድታለች። ሰው ብርሃኑን ሊያይ መስኮት ላይ ተሰበሰበ፤ የፍንዳታው ግፊት ዘግይቶ ሲደርስ መስታወቱ ረገፈ። 1,500 ያህል ሰው ቆሰለ፣ አብዛኛው በመስታወት። እናም የእብናቱ አባት ምክንያቱን ቢስትም ልጁን ማስተኛቱ ልክ ነበር።

በማግሥቱ ልጁ የወደቀውን ድንጋይ ካልፈለግኩ ብሎ አስቸገረ። አባት አልፈቀደም።

«ሜዳ ላይ ያገኘኸውን ብረት እንዳትነካ አላልኩህም?»

«ብረት አይደለም አባዬ፣ ኮከብ ነው።»

«ቢሆንም።»