አውራ ጣትና እርካብ

በደጋው አገር የቆየ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ያላየ አማርኛ አንባቢ አይገኝም። ነጩን ፈረስ፣ ጦሩን፣ ከታች የተጠቀለለውን ደራጎን ሁሉም ያስታውሳል። የሰማዕቱን እግር ግን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ እግሩ ባዶ ነው፤ እርካቡም ጫማ የሚገባበት ሰፊ ብረት ሳይሆን አውራ ጣትን ብቻ የሚቀበል ትንሽ ቀለበት ነው። ሠዓሊው ሌላውን ሁሉ ከመጽሐፍና ከመምህሩ ሲቀበል እግሩን ግን በየመንገዱ ከሚያየው ፈረሰኛ ወስዶታል። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ለብዙ ዘመን የጋለበው እንዲህ ነበርና።

ቃሉ ራሱ የድንበር ሰው ነው። አማርኛው እርካብ ይላል፤ ዐረብኛው ሪካብ። ሉጓምና ሊጃምም እንዲሁ ዘመዳሞች ናቸው። በገዳሪፍ ገበያ ከጋማ ከብት ዕቃ ሻጭ ፊት የቆመ ሰው ቋንቋው ቢያጥረው ከሁለቱ አንዱን ቢወረውር ይግባባል። በኮርቻ ግን አይሆንም፤ እዚያ ሰርጅ ማለት ያስፈልጋል።

እርካብ የሚመርጥ ሰው በልቡ የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ እግሬን ምን ያህል ይይዝልኛል? ክፉ ቀን ሲመጣስ ቶሎ ይለቀኛል? ሰፊው እርካብ የእግርን ግማሽ ተቀብሎ ሙሉ ክብደት ይሸከማል። ፈረሰኛው በላዩ ተነሥቶ ይቆማል፣ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ጦር ይወረውራል። ይሁንና ፈረስ ተደናቅፎ ጋላቢው ሲወድቅ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዘልቆ ከገባ አይወጣም፤ የደነበረ ፈረስ ደግሞ የሚጎትተው ሰው እስኪሞት አይቆምም። የአውራ ጣቱ ቀለበት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ሰውየው ሲወድቅ ጣቱ ሾልኮ ይወጣል። ዋጋው ግን አለ። መላ ሰውነትን በአንድ ጣት ላይ ማቆም በልጅነት ያልጀመሩት ጥበብ ነው፤ ጫማ ለለመደ እግር ደግሞ ከነጭራሹ አይሞከርም።

ይህ የጣት መርገጫ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር በሳንቺ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቀረጹ ምስሎች ላይ ፈረሰኞች የእግር ጣታቸውን በጠፍር ቀለበት አስገብተው ይታያሉ። ሙሉ እግር የሚቀበለው ጥንድ እርካብ በቻይና የሚታወቀው በ322 እ.ኤ.አ. ገደማ ከተሠራ መቃብር በተገኘ የሸክላ ፈረስ ላይ ነው። ሰፊው እርካብ ጫማ በሚደረግበት በቀዝቃዛው አገር መታየቱ፣ ቀለበቱ ደግሞ ባዶ እግር በሚኬድበት በሞቃቱ አገር መቆየቱ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም።

የመያዝና የመልቀቅ ነገር የሞት ሽረት ጉዳይ ሆኖ የታየው ግን በሥዕል ሳይሆን በዚሁ በሰቲትና በአትባራ ዳርቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1772 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከጎንደር ወደ ሰናር ሲወርድ በቆላው ያያቸውን የዝሆን አዳኞች በመጽሐፉ ገልጿል። ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቁጥቋጦ ልብሳቸውን ይዞ እንዳያስቀራቸው ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው። ፊተኛው በዝሆኑ ፊት እየተመላለሰ ይጮኻል፣ ያስቆጣዋል። ኋለኛው ሰይፉን እንደ ያዘ ከፈረሱ ተንሸራቶ ወርዶ የዝሆኑን ቋንጃ ይቆርጣል፤ ፊተኛው ዞሮ ያነሣዋል። ብሩስ እነዚህን ሰዎች «አጋጊር» ይላቸዋል። በዐረብኛ ዐቀረ ማለት የእንስሳን ቋንጃ መቁረጥ ነው፤ ሱዳናዊ አንደበት ቀፉን ገ ያደርገዋልና ስሙ ከሥራው የተወለደ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዘጠና ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር እዚሁ መጣ። ክረምቱን በአትባራ ወንዝ ዳር በሶፊ መንደር አሳልፎ፣ ውሃው ሲጎድል ከሐምራን ዐረቦች ጋር በሰቲት ዳርቻ ወጣ። በ1867 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ከነርእሱ የሐምራን ሰይፈኛ አዳኞችን የሚያነሣ ነው። ሐምራኖቹ እያንዳንዳቸው በየፈረሳቸው ይወጡ ነበር። አንዱ ወደ ዝሆኑ ፊት ቀርቦ ቁጣውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ዝሆኑም ያባርረዋል። ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ልክ ከዝሆኑ ተረከዝ ዘንድ ሲደርስ ፈረሱ እየጋለበ ሳለ ዘሎ ይወርዳል፣ ሰይፉን በሁለት እጁ ያሳርፋል፣ ተመልሶም ይፈናጠጣል። ሰይፉ ቀጥ ያለ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ነው፤ ከመስቀለኛው መከታ በላይ ያለው የስለቱ ክፍል በገመድ የሚጠመጠመው ቀኝ እጅ እዚያ ላይ እንዲጨብጥ ነው። የዝሆኑ አንዱ ቋንጃ ከተቆረጠ ያለበት ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከፈረሱ ጀርባ ወደ መሬት፣ ከመሬትም ወደ ፈረሱ ጀርባ ያለው ቅጽበት ከሁሉ ይበልጣል። እግርን አጥብቆ የሚይዝ መርገጫ እዚህ ላይ ጠላት ነው። ከቤከር ጋር ከነበሩት አንዱ ሮዱር ሸሪፍ የተባለው አንድ እጁ የሰለለ ነበር፤ እንደ ጓደኞቹ ሰይፍ በሁለት እጅ መያዝ ስለማይሆንለት ፊት ለፊት ቀርቦ ዝሆኑን የማስቆጣቱ ድርሻ የእርሱ ነበር። ማንም ሊደፍረው የማይወደውን ድርሻ ጉድለት ያለበት ሰው መያዙ፣ ፈረስና ሰው ምን ያህል ተዋህደው እንደ ነበር ያሳያል። ጀግንነቱ እንዳለ ሆኖ ሥራው እንጀራም ነበር። ጥርሱ ለነጋዴ ይሸጥ ነበርና ዝሆኑ ከቆላው ቀስ በቀስ ጠፋ። የቀረውን ደግሞ እርሻው ገፋው፤ ከ1944 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በገደምበሊያ የተጀመረው የትራክተር እርሻ እየሰፋ የገዳሪፍን ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ አለበሰው። የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድቦች፣ ሩሜላና ቡርዳና፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲመረቁ ከአሮጌው የአደን ምድር ከፊሉ ውሃ ተኛበት።

ኮርቻና አደን ዛሬ በሌላ አህጉር በሌላ መልክ ተገናኝተዋል። በሰሜን አሜሪካ ደኖች አጋዘን በቀስት የሚያድኑ አንዳንድ ሰዎች ኮርቻ የሚሉት ፈረስ የሌለው ነው፤ ከወገብና ከጭን ጋር የሚታሰር ሰፊ መቀመጫ ሲሆን አዳኙ በገመድ ከግንዱ ጋር አስሮት ወደ ኋላ ተደግፎ ይንጠለጠላል። ታዲያ እዚያም ክርክሩ ስለ እግር ነው። አንዱ ወገን ከግንዱ ጋር በጠፍር የሚጠብቅ ትንሽ የብረት መድረክ ይመርጣል፤ ሁለት እግር ገጥሞ ይቆምበታል፣ ይገፋበታል። ሌላው ደግሞ በግንዱ ዙሪያ እንደ መቀነት የሚታሰሩ ነጠላ መርገጫዎችን ይመርጣል፤ አውሬው በየትም በኩል ቢመጣ ግንዱን ዞሮ መጠበቅ ይችላልና። መርገጫው ጠባብ ስለሆነ ግን ሶሉ የለሰለሰ ጫማ ያደረገ ሰው ከሰዓታት በኋላ እግሩን ያመዋል። እዚህም የመርገጫውን ዓይነት የሚወስነው ጫማ ነው ማለት ነው።

ከምቾት ያለፈ ነገርም አለ። በመታጠቂያ ላይ እግሩ ሳይረግጥ፣ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ይቀርና ራሱን ይስታል፤ ካልደረሱለትም ይሞታል። ስለዚህ ከፍታ ላይ የሚሠሩ ሁሉ፣ መሰላል ቢሸሻቸው ቆመውበት ጭናቸውን ከጠፍሩ ጫና የሚያሳርፉበት የገመድ ቀለበት እንዲይዙ ይመከራሉ። ያ ቀለበት ከሩቅ ሲያዩት ከቅዱስ ጊዮርጊስ እርካብ እምብዛም አይለይም።

ከመተማ እስከ ቋራ፣ ከድንበሩ ወዲያም ባሉት አነስተኛ ማሳዎች፣ ማሽላ ሲያሽት ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አዳኝ ሳይሆን ጠባቂ ነው። ግሪሳ ወፍ ሲመጣ ወንጭፉን ያስጮኻል፤ ከርከሮና ዝንጀሮም ከሩቅ ይታዩታል። ዛፉ ባልተመነጠረበት ቅርንጫፍ ይመርጣል፤ በተመነጠረበት ግን ዛፉን ራሱ መትከል አለበት፤ አራት ባላ አቁሞ፣ እንጨት ረብርቦ ማማ ይሠራል። ለመቀመጫው ሳር ይነጠፍለታል፣ ለፀሐዩ ዳስ ይጣልለታል፤ መውጫውና መርገጫው ግን ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታሰር አንድ አጎበር እንጨት ነው። ጠባቂው ለወቅት ሥራ የመጣ ሰው ከሆነ የዚያ እንጨት መላቀቅ ምን ማለት እንደ ሆነ እዚህ ላለ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ የመከሩ ደመወዝ አይጠብቀውም፤ አገሩ ሩቅ ነው፤ ቤቱ የሚጠብቀውም ያንኑ ደመወዝ ነው።

ልምድ ያለው ጠባቂ ስለዚህ ከመቀመጫው አስቀድሞ መርገጫውን ይመለከታል። ወፈር ያለ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት ይመርጣል፤ የተላጠው በጤዛ ያንሸራትታልና። በሁለት ባላ ላይ አጋድሞ በየጫፉ ሁለት ሁለት ጊዜ በልጥ ያስረዋል፤ ልጡ ሲደርቅ ስለሚላላም በየጥቂት ቀኑ እንደ ገና ያጠብቀዋል። ከዚያ ጫማውን ከባላው ሥር ትቶ በባዶ እግሩ ይወጣል፤ ተቀምጦም አውራ ጣቱን በእንጨቱ ላይ ቆልፎ ወደ ማሽላው ይመለከታል።