ካርዱ ሌላ፣ ዕዳው ሌላ

ገንዘብ በእጅ ሳይኖር ዕቃ መግዛት ከውጭ አገር የመጣብን ነገር አይደለም። ደመወዙ ለወሩ የማይበቃው መምህር ወይም ጸሐፊ፣ ቀኑ ሃያውን ሲያልፍ ዘይቱንም ሳሙናውንም ከሰፈሩ ባለሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁም ስሙን በደብተር ጽፎ የደመወዙን ቀን ይጠብቃል። በሌላው ሱቅ ደግሞ «ዱቤ ዱብ ዕዳ ነው» የሚል ጽሕፈት ገና ከደጃፉ ገዢውን ይቀበለዋል። እኔ በማስተምርበት ከተማ ሁለቱም ዓይነት ባለሱቆች አሉና፣ ዱቤ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው ክርክር ወር በተጋመሰ ቁጥር በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ይነሣል።

ባለፈው ሰሞን ግን ጥያቄው ከወደ አሜሪካ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ሒሳብ ያስተማርሁት፣ በዲቪ ዕጣ ወደዚያ የሄደ ልጅ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መምህር፣ ባንኩ ክሬዲት ካርድ ልስጥህ ይለኛል። እዚህ ካሉት ያገራችን ልጆች ግማሾቹ ካርድ ከሌለህ የሚከራይ ቤት እንኳ አታገኝም ይሉኛል፤ ግማሾቹ ደግሞ እኛ የተያዝንበት ወጥመድ እሱ ነው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?» ለእሱ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ማካፈል የፈለግሁት፣ ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ስላየሁ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ካርዶች እንለያቸው። በአገራችን በአብዛኛው ሰው ኪስ ያለው የባንክ ካርድ የገዛ ገንዘቡን የሚያወጣበት ነው፤ በሒሳቡ 500 ብር ያለው ሰው ከ500 ብር በላይ አያገኝም። ክሬዲት ካርድ ግን የአበዳሪውን ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። ገዢው ካርዱን ያቀርባል፣ ባንኩ ለባለሱቁ ይከፍላል፣ ወሩ ሲያልቅ ለገዢው የሒሳብ መግለጫ ይላክለታል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው ይህ መግለጫ ከደረሰ በኋላ ነው።

ታሪኩን ብናይ ይህ ይበልጥ ይገለጥልናል። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ድርጅት በ1950 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሥራውን ሲጀምር፣ ካርዱ በምግብ ቤት በልቶ ሒሳቡን በኋላ ለመክፈል የሚያገለግል ነበር፤ ደንበኛውም የወሩን ሒሳብ አጠናቆ መክፈል ነበረበት። በመስከረም 1958 እ.ኤ.አ. ግን ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ውስጥ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ካርድ በፖስታ ላከ። የዚህ ካርድ ደንብ ልዩ ነበር፤ የፈለገ ሁሉንም ይከፍላል፣ ያልፈለገ ጥቂት ከፍሎ የቀረውን በወለድ ወደሚመጣው ወር ያሻግራል። በመጀመሪያው ጊዜ ባንኩ ካሰበው እጅግ የሚበልጥ ሰው ሳይከፍል ስለ ቀረ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ይሁን እንጂ አሳቡ አልሞተም፤ ያ ካርድ በ1976 እ.ኤ.አ. ቪዛ ተብሎ ዓለምን ዞረ። ሳይጠየቁ ካርድ መላክም በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሕግ ተከልክሏል።

ከዚህ የምንረዳው ካርድና ዕዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ያጋጠማቸው «ጥቂት ከፍለህ የቀረውን አሻግር» የሚለው ፈቃድ ነው። በየመግለጫው ላይ «ቢያንስ ይህን ክፈል» የሚል ትንሽ ቁጥር ይታተማል። ሰውን የሚያታልለው ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ይህ ትንሹ ነው፤ እሱን የከፈለ ሰው ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋልና።

የሒሳብ መምህር ነኝና እርሳስ እንያዝ። አንድ ሰው 1,000 ዶላር ዕዳ አለበት እንበል፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 24፣ ማለት በወር ከመቶ 2 ይሁን። ይህን ቁጥር ለማስፈራራት አላጋነንሁትም፤ በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዚህ ብድር አማካይ ወለድ ከመቶ 20 በላይ ነበር። ሰውዬው በየወሩ 30 ዶላር ቢከፍል፣ በመጀመሪያው ወር 20ው ለወለድ ይሄዳል፤ ከዕዳው የሚቀነሰው 10 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ሌላ ምንም ሳይገዛ ዕዳውን ለመጨረስ 56 ወር ይፈጅበታል፤ የሚከፍለውም በድምሩ 1,664 ዶላር ያህል ይሆናል። ያው ሰው በየወሩ 100 ዶላር ቢከፍል ግን በ12ኛው ወር ይገላገላል፤ ድምሩም 1,127 ዶላር ነው። ሒሳቡ በመጣ ጊዜ ሁሉንም ቢከፍል ኖሮ ደግሞ ወለድ የሚባል ነገር ባልነካው ነበር። ካርዱ አንድ፣ ዕቃውም አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ሦስት ሆነ።

እንዲህ ከሆነ ካርዱን ጨርሶ አትንካ ማለት ይቀላል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ለልጁ እንዲህ ብዬ አልጻፍሁለትም። በአሜሪካ አገር የሰው የመክፈል ጠባይ ተመዝግቦ በቁጥር ይለካል፤ የታወቀው መለኪያ ከ300 ተነሥቶ እስከ 850 ይደርሳል። ቤት አከራዩም መኪና ሻጩም ይህን ቁጥር ይመለከታል። አዲስ ገቢ ሰው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን የሚመሰክርለት መዝገብ የለውም፤ በካርድ ጥቂት እየገዛ በቀኑ የሚከፍል ግን መዝገቡ ይመሰክርለታል። ደግሞም በዚያ አገር ሕግ፣ ካርዱ ተሰርቆ ሌላ ሰው ቢገዛበት ባለካርዱ የሚጠየቀው ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ሒሳቡ ከተላከለት ቀን አንሥቶም ለመክፈያ ቢያንስ 21 ቀን ይሰጠዋል። ጥቅሙ ይህን ያህል እውነት ስለ ሆነ መካድ አይገባም።

ታዲያ አደጋው ምን ላይ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ «በቃህ» የሚል ሰው በመጥፋቱ ላይ ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ ደመወዛችንን በግምት ያውቃል፤ ደብተሩ ሲሞላ ፊቱን ያጠቁርብናል፣ እኛም አፍረን እንሰበሰባለን። ዕቁብ ስንገባ ዳኛውና ጸሐፊው፣ አብሮን የሚጥለውም ጓደኛ ይጠባበቀናል። ሕጉም ቢሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰን አድርጎበታል። ካርዱ ግን ፊት የለውም። በላዩ የተወሰነው ልክም አበዳሪው ደፍሮ የሰጠው መጠን እንጂ የእኛ አቅም ልክ አይደለም። ስለዚህ ባለሱቁ ይለን የነበረውን «በቃህ» ራሳችን ለራሳችን ማለት ይኖርብናል።

ይህ ለእኛም የማይቀር ትምህርት ነው። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር ብድር መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ያለ መያዣ በስልክ ገንዘብ መበደር ለብዙ ሰው ተችሏል። ዋስ ፍለጋ ደጅ መጥናት ቀርቶ፣ ጣት አንድ ጊዜ መንካቷ ይበቃል። ልመናው የሚያሳፍር ስለ ነበር ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ ነበር፤ ዛሬ ያ እፍረት ሲቀር ማሰቡ አብሮ እንዳይቀር እፈራለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «እናቱ የታመመችበት ሰው ወለድ ሲቆጥር ይኑር?» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው። ለሕክምና የሚበደርን ሰው የሚወቅስ አንደበት የለኝም። ነገር ግን ያ ሰው የተበደረ ዕለት፣ በስንት ወር ስንት እየከፈለ እንደሚጨርስ በወረቀት ቢጽፍ ሕመሙ ሲያልፍ ዕዳው አብሮ ያልፍለታል። ለጫማና ለድግስ የሚበደር ግን፣ ጫማው አልቆ፣ ድግሱም ተረስቶ ሲከፍል ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከእናንተ መካከል በውጭ አገር ወንድም ወይም እኅት ያለው ብዙ ነው። የሚላክልን ገንዘብ ከደመወዝ የተረፈ ይመስለናል። ነገር ግን ደመወዙን ለእኛ ልኮ ቀለቡን በካርድ የሚገዛ፣ አልፎም ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ የሚልክ ሊኖር ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ሲወጣበት ደግሞ ወለዱ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ 21ን ቀን የሚጠብቅ የለም። እምቢ ማለት ነውር መስሎት ዝም ብሎ ይልካል። እኛም አዲስ ስልክ ይዘን ደስ ሲለን፣ እሱ ስልኩ እስኪሰበር ድረስ የስልኩን ወለድ ይከፍላል።

ስለዚህ ለልጁ የጻፍሁለት ምክር ሦስት ነገር ነው። ካርዱን ውሰድ፤ በቼክ ወይም በጥሬ ገንዘብ ዛሬ ልትገዛው የማትችለውን ግን አትግዛበት። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ትንሹን ቁጥር ሳይሆን ትልቁን ክፈል። ከአገር ቤት ገንዘብ ስትጠየቅ ከደመወዝህ የተረፈውን ላክ፤ ካልተረፈህ «የለኝም» በል።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ደግሞ አራተኛውን እጨምራለሁ። ከውጭ አገር ዘመድ ገንዘብ ስትጠይቁ «ይህን ከደመወዝህ ነው የምትልከው ወይስ ከካርድህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከካርዱ እንደ ሆነ ይቅርብን በሉት። ምናልባት ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ «በቃህ» ያለው የመጀመሪያው ሰው እናንተ ትሆናላችሁ።