ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዘጎንደር

ከጎንደር የተመለሰ ሰው አስቀድሞ የሚተርከው ስለ ፋሲል ግንብ ነው። እኛ ግን ግንቡን ለሌላ ቀን አቈይተን፥ ከከተማይቱ በሰሜን ምሥራቅ በዛፎች ተከልሎ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አመራን።

ቅጥሩ 12 ክብ ግንቦች አሉት፤ የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። 13ኛው፥ መግቢያው ያለበት ግንብ፥ የይሁዳ አንበሳ ለተባለው ለጌታችን ምሳሌ ነው። የአንበሳው ጅራት በምዕራብ በኩል ከበሩ በላይ አለ፤ አሳይ ካላገኙ ግን ሳያዩት ያልፋሉ።

ደብሩን የተከሉት ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው። የፊተኛው ሕንፃ ክብ ነበረ፤ በ1700 ዓ.ም. ገደማ በመብረቅ ጠፋ፤ መሠረቱ ዛሬም ይታያል። በቦታው የተተካው፥ ክብ ቤተ ክርስቲያን በበዛበት አገር፥ አራት ማዕዘን ሆኖ በሣር የተከደነ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህ ተረፈ። የአገሩ ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ብሎ ይተርካል።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከመቅደሱ በር በላይ ሥነ ስቅለቱና ከእርሱም ከፍ ብሎ ሥዕለ ሥላሴ አለ። ጣሪያው ግን ሁሉን ያስረሳል፤ ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች በተርታ ተደርድረው፥ ሰው ወደ የትም ቢዞር ይመለከቱታል። ስንት እንደ ሆኑ ቈጣሪዎች አልተስማሙም፤ እኛም ቈጥረን እርስ በርሳችን ተለያየን። አብሮን የነበረ ሕፃን፥ «አባ፥ አካል የላቸውምን?» ብሎ ጠየቀ። ካህኑም፥ «ልጄ፥ እነርሱ መናፍስት ናቸው፤ ፊታቸው የተሣለው አንተ እንድታውቃቸው ነው» አሉት።

በዚህ መካከል አንድ ጐብኚ በፎቶግራፍ መብራት ሲያንጸባርቅ ዲያቆኑ ፈጥኖ ከለከለው። የግድግዳው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ስለ ሆነ፥ ብርሃን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ክዳኑ ካፈሰሰ ውሃ ጨርቁን ያላቅቀዋል። የዓለም ቅርስ ተብሎ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የተመዘገበው ይህ ደብር፥ ከደርቡሽ እሳት አምልጦ በጥቂት በጥቂቱ እንዳይጠፋብን እንፈራለን። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ መብራቱን በቦርሳችሁ ተዉት፤ ለዓይን የሚበቃ ብርሃን በበሩ ይገባል።

ስንወጣ ሕፃኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ቢፈለግ ከደጁ ቆሞ ወደ ጣሪያው እያየ ገና ይቈጥራል።