አደራ በላ

የትናንቱን ጠይቁኝ። አምስተኛ ክፍል አጠገቤ ይቀመጥ የነበረውን ልጅ ስም፣ አባቴ ያረፈበትን ዕለት፣ የመጀመሪያ ጽሑፌ የታተመበትን ወር ሳልሳሳት እነግራችኋለሁ። የጠፋብኝ ትናንት አይደለም፤ ነገ ነው።

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገልብጦ ጭንቅላቴን ከተመታሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሐኪሙ ቀኑን ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ሦስት ቃላት ነግሮኝ ቆይቶ ድገም አለኝ፤ ደገምኩ። «ደህና ነህ» ተብዬ ወጣሁ።

ጉዱ የታወቀው በእናቴ መድኃኒት ነው። የደም ግፊት ክኒኗ ሊያልቅ ሲል ማዘዣውንና ገንዘቡን ሰጥታኝ፣ «አደራ» አለችኝ። በፋርማሲው ደጃፍ በቀን ሁለት ጊዜ አልፋለሁ። በአምስተኛው ቀን ኪሴን ስፈትሽ ማዘዣውን ከነገንዘቡ አገኘሁት። ለካ ሦስት ቀን ያለ ክኒን ሰንብታለች!

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳታፍር ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ታላቅ ወንድሜ ግን አልማረኝም። «አደራ በላ!» አለኝ።

ያለፈውን የረሳ ይታዘንለታል፤ ሊያደርግ ያሰበውን የረሳ ይወቀሳል። የመጀመሪያው በሽታ፣ ሁለተኛው ባሕርይ ይባላል። ነገር ግን ያሰቡትን በጊዜው ማስታወስ ራሱን የቻለ የአእምሮ ሥራ ነው። በእጅጉ የሚያግዘው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ጭንቅላት ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እሱ ነው። ጊልስ አንስታይንና ማርክ ማክዳንኤል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ማስታወስ በሁለት ከፍለውታል፤ ሰዓት የሚጠብቅና ምልክት የሚጠብቅ። ሰዓት ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። የስልኬ ደወል ቢጮኽም፣ ለምን እንደጮኸ ሳላውቅ አጠፋዋለሁ። ፋርማሲውስ ምልክት አልነበረም ወይ? ነበር፤ ግን በሐሳብ ተውጦ የሚያልፍን ሰው አያስቆምም።

ቡና ግን ያስቆማል። ስለዚህ አደራዬን ከቡና ጋር አሰርኩት። አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ ክኒኖቹን እቆጥራለሁ። አሥር ብቻ ከቀሩ፣ ስኒዬን እንዳስቀመጥኩ ወደ ፋርማሲ ነው። እስካሁን የሳትኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ቀን ቡና አልተፈላም።

ባለፈው እሁድ ወንድሜ ሊጠይቀን መጣ። ቶናው ሲቀዳ ክኒን ስቆጥር አየኝና ዝም አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ከኪሱ ብር አወጣ።

«የእማዬን እድር ክፈልላት። አደራ።»

ብሩን ተቀብዬ ረከቦቱ ላይ፣ ከስኒዎቹ ሥር አኖርኩት።