የአሽሊ ዳውን ደረሰኝ

ወደ ባዝ የሄድኩት ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን ለማየት ነበር። ከባዝ ብሪስቶል በባቡር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ እዚያ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ፣ እንቅልፍ በዓይኗ እየዞረ ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ።

«ጋሼ፣ ድልድዩን ላሳይዎት?»

የብሪስቶል እንግዳ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ተንጠልጣዩ ድልድይ ነው። እኔ ግን አሽሊ ዳውን ውሰጂኝ አልኳት።

«አሽሊ ዳውን? እኔ ሰፈር? እዚያ ምን አለ?»

ያለው ይህ ነው፤ ከክሪኬት ሜዳው አጠገብ አምስት ግዙፍ ግራጫ የድንጋይ ሕንፃዎች ቆመዋል። መስኮቶቻቸውን መቁጠር ጀምሬ አልዘለቅሁም። ዛሬ ብዙው ክፍል አፓርታማ ሆኗል፤ በአንዱ መስኮት ላይ የልጅ ካልሲ ተሰጥቶ አየሁ። የእህቴ ልጅ በየቀኑ በአጠገባቸው ስታልፍ የድሮ ፋብሪካ ይመስሏት ነበር። ከ1849 እስከ 1870 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ በአንድ የተከፈቱት ለወላጅ አልባ ልጆች ነበር። አምስቱ ሲጠናቀቁ በአንድ ጊዜ 2,050 ልጆች ይይዙ ነበር። ያሠራቸው ሰው ደግሞ ለዚህ ሥራ ብሎ ከማንም ሰው አንዲት ሳንቲም ለምኖ አያውቅም።

ጆርጅ ሙለር እንደ እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነበር። በ1805 ፕሩሲያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ልጁ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው አባቱ በአደራ ከያዙት የመንግሥት ገንዘብ ይሰርቅ ነበር። በ16 ዓመቱ ሆቴል አድሮ ሳይከፍል ሊወጣ ሲል ተይዞ ታሰረ። በ1825 ሃለ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ አንድ ምሽት ጓደኛው ሰዎች ተሰብስበው ወደሚጸልዩበት ቤት ወሰደው። ሰው ተንበርክኮ ሲጸልይ ያየው ያን ቀን ነበር፤ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። በስግደት መካከል ላደግነው ለእኛ ይህ ለማመን ይከብዳል። ሕይወቱ የተለወጠው ግን ከዚያ ጉልበት ጀምሮ ነው።

ብሪስቶል የገባው በ1832 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በኪራይ ቤት የመጀመሪያዎቹን ሴት ልጆች ተቀበለ። ለልጆቹ ይራራ ነበር፤ የመጀመሪያ ዓላማው ግን ሌላ እንደሆነ ራሱ ጽፏል፤ እግዚአብሔር ዛሬም ታማኝ መሆኑን ሰው ሁሉ በዓይኑ እንዲያይ። ስለዚህ ሁለት ነገር አጠበቀ። የጎደለውን ለእግዚአብሔር እንጂ ለሰው አይናገርም። በዱቤም አይገዛም።

አመነ፣ ታመነ፣ አማኝ፣ ታማኝ፣ አሜን፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። እግዚአብሔርን ታማኝ እንለዋለን፤ የዕድራችንን ገንዘብ ያዥም ታማኝ እንለዋለን። ይህ የቋንቋችን ጸጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙለርን ሳነብ ሁለቱ ታማኝነቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አየሁ። ስጦታ ለላከ ሰው ሁሉ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጠው ነበር፤ ሰጪው ያን ቁጥር ይዞ በዓመቱ መጨረሻ ከታተመው ሪፖርት ጋር ያስተያይ ነበር። ከሪፖርቶቹ አንዱን በባቡር እየመጣሁ በስልኬ አነበብኩ። ሺሊንግና ፔኒ፣ ቀለበት፣ ከድሃ ሰው የመጣች ስድስት ፔኒ፣ ሁሉም በቀኑና በልኩ ሰፍሯል። በዘመኑ በእጁ ያለፈው ገንዘብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ይጠጋል። ሲሞት የተገኘው የራሱ ንብረት ግን 200 ፓውንድ አይሞላም። ያ የአባቱን አደራ የሰረቀ ልጅ! ስለ እምነት ሲሰበክ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የገንዘቡ መዝገብ በአደባባይ ሲነበብ ግን የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ያሳዝነኛል።

ለእህቴ ልጅ ያጫወትኳት ስለ አንድ ቦይለር ነው። በ1857 ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ የመጀመሪያውን ሕንፃ የሚያሞቀው ቦይለር ማፍሰስ ጀመረ። ቤቱ ውስጥ 300 ልጆች አሉ። ቦይለሩ በጡብ ስለታጠረ ለመጠገን ጡቡ መፍረስ፣ እሳቱም መጥፋት አለበት። ለጥገናው ረቡዕ ከተቆረጠ በኋላ ብርዱን የሚያመጣው የሰሜን ነፋስ ተነሣ። ሙለር ሠራተኞቹን ቀጠሯቸውን እንዲሰርዙ አላደረገም። ሁለት ነገር ለመነ፤ የደቡብ ነፋስና በሙሉ ልብ የሚሠሩ ሰዎች። ማክሰኞ ማታም የሰሜኑ ነፋስ እንደነፈሰ ነበር። ረቡዕ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ ልጆቹም እሳት አላስፈለጋቸውም። ሲመሽ የሠራተኞቹ አለቃ ነገ በጠዋት እንደሚመለሱ ሲናገር፣ እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ብንሠራ ይሻለናል አሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ» አለች እንደ ማዛጋት እያደረጋት።

ይህን ታሪክ ስናገር ግን ሁልጊዜ ደረቴ ይከብደኛል። ነፋሱ ያልዞረላቸው ሰዎች አሉ። እናቴ ለታናሽ ወንድሜ ሳታቋርጥ ጸለየች፤ ልጁ አልተረፈም። ታማኙ አምላክ ያኔ የት ነበር? ለሙለርም ቢሆን ሁሉ አልሆነለትም። በ1835 ሕፃን ወንድ ልጁን ቀበረ። በ1870፣ አምስተኛው ቤት በተከፈተበት ዓመት፣ 39 ዓመት በትዳር አብራው የኖረች ባለቤቱ ሜሪ ሞተች። በቀብሯ ላይ ቆሞ የሰበከው ራሱ ነው፤ ከዳዊት መዝሙር ጠቅሶ እግዚአብሔር ቸር ነው አለ። ሲሰጠኝ ቸር ነበር፣ ሲወስድብኝም ቸር ነው አለ። ይህን ማለት ከ2,050 እንጀራ ፈላጊ አፍ ፊት ከመቆም ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል። እናቴ ወንድሜ በተቀበረ ማግስት ንጋት ላይ ተነሥታ ዳዊቷን ገለጠች። ካቆመችበት ገጽ ላይ፣ ልጁ በታመመ ሌሊት የተንጠባጠበ የጧፍ ሰም ደርቆ ነበር። በጥፍሯ ፋቀችውና ከዚያው ቀጠለች። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ አርኖስ ቬል መካነ መቃብር ሄድን። ሙለር በ1898 በ92 ዓመቱ አርፎ የተቀበረው እዚያ ነው። በሩ አጠገብ የሕንዳዊው የራጃ ራም ሞሃን ሮይ ሐውልት አለ፤ እሱም በእንግድነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። የሙለር ድንጋይ ከዚያ ያነሰ ነው። የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ ጽሑፉን በዝግታ ለራሷ ወደ አማርኛ መለሰችው። መታሰቢያው የተሠራው ካሳደጋቸው ልጆች ብዙዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው በሰጡት ገንዘብ ነው ይላል።

«ማንም ሳይጠይቃቸው?»

«ማንም ሳይጠይቃቸው።»

የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ስባ፣ ከፊደሎቹ መካከል የበቀለውን የድንጋይ ሽበት ቀስ እያለች ጠረገችው።